የባለቤቴ ጽሑፍ፣ አሮጌው ላፕቶፔና ሊኑክስ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። እንደ ልማዴ ላፕቶፔን አስነሥቼ ቡና ልቆላ ሄድኩ። አሮጌ ስለሆነ ቶሎ አይነሣም። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ሲጣድ እሱም ገና ያን ጊዜ ይነቃል። ተመልሼ ስቀመጥ ግን ከወትሮው የተለየ ማስታወቂያ ስክሪኑን ሙሉ ሸፍኖ ጠበቀኝ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ማብቃቱን ይናገራል። ወደ ዊንዶውስ 11 ልሻገር ብል ደግሞ ኮምፒውተሬ መስፈርቱን አያሟላም።

ማስታወቂያውን ዘግቼ ቡናዬን ጠጣሁ። በማግሥቱም ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የልጆቼ የሠርግ ፎቶ ብቻ አይደለምና። የባለቤቴ ጽሑፍ አለ።

ባለቤቴ መምህር ነበር። ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ማታ ማታና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የራሱን የሕይወት ታሪክ በኮምፒውተር ይጽፍ ነበር። በሁለት ጣቱ እየለቀመ ሰባ አንድ ገጽ ሞላ። እኔ ላንብበው ስል "ሳያልቅ አይነበብም" ይለኝ ነበር። ሳይጨርሰው ሄደ። ከዚያ በኋላ ፋይሉን እየከፈትኩ የመጀመሪያውን ገጽ አነብና እዘጋዋለሁ፤ ከዚያ ማለፍ አልሆነልኝም። ግን እዚያ መኖሩን ማወቄ ይበቃኝ ነበር።

የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፣ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። ክንዱ ላይ ያለችው የቢሲጂ ጠባሳ የእኔ እጅ ሥራ ናት፤ ዛሬም ድረስ እንደ እናቱ "ሲስተር" እያለ ነው የሚጠራኝ። ላፕቶፑን ገልብጦ አየው፣ መልሶ ከፈተው፣ ትንሽ ነካካና፣

"ሲስተር፣ ይሄ ኮምፒውተር እኮ ጤነኛ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ጤነኛ ከሆነ ምንድን ነው የሚለፈልፈው?"

ሳቀና አስረዳኝ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው፣ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ አይመጣለትም። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ይሠራል፤ ነገር ግን አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የሚደፍንለት የለም። ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ፣ ክትባቱ ቆመ፤ በሽታው ግን አልቆመም። ለአንድ ዓመት ያህል የሚያቆይ ማራዘሚያ መኖሩንም ነገረኝ። ወደ 11 ለመሻገር ግን ቲፒኤም የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ ያውም ሁለተኛውን ትውልድ፣ ከእሱም ጋር አዳዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የእኔ በ2007 ዓ.ም. የተገዛ፣ አራት ጊጋ ራም ያለው ነው።

ሌላም ነገር አሳየኝ፤ ይህን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ። ዊንዶውሱ በገንዘብ የተገዛ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ሲበላሽብኝ አንድ ሱቅ ወስጄ ፎርማት አስደርጌው ነበር፤ የጫኑልኝ ክራክ የሚባለውን ነው። በብዙዎቻችን ቤት ያለው እሱ ሳይሆን አይቀርም። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ሳላነብ ለበሽተኛ የሰጠሁት መድኃኒት የለም። የባለቤቴን ጽሑፍ ያስቀመጥኩት ግን ማን ምን እንደቀላቀለበት በማይታወቅ ነገር ላይ ነበር።

አዲስ ላፕቶፕ ስንት እንደሆነ መገናኛ ወርጄ ጠየቅኩ። ዋጋውን ከጡረታ አበሌ ጋር ሳስተያየው ሳልከራከር ተመለስኩ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለችው ልጄ "እኔ እልካለሁ እማዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል" አለችኝ። እሷም የራሷ ኪራይና የልጆች ወጪ አለባት። ልጁ ታዲያ፣ "ሲስተር፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ሊኑክስ እንሞክርበት" አለኝ።

ስሙን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቫይረስ ማጥፊያ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም እንደ ዊንዶውስ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዘው ክፍል ነው። የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ፊንላንዳዊ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሥራውን ለሌሎች ያሳወቀው በፈረንጆቹ ኦገስት 25 ቀን 1991 ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ነገር እንጂ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ተናግሮ ነበር። በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ከተለወጠ ገና ሦስት ወር አልሞላም። እኔ ያን ክረምት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ጓንት ታጥቦ፣ ተቀቅሎ ዳግም የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ያ ልጅ በዚያን ሰሞን የጀመረው ነገር ዛሬ በየኪሳችን አለ፤ አንድሮይድ ስልኮች ሁሉ የተሠሩት በሊኑክስ ላይ ነው። "እኔ ኮምፒውተር አልችልም" የሚሉ ጓደኞቼ በቴሌግራም የልጅ ልጅ ፎቶ ሲለዋወጡ የሚውሉት በሊኑክስ ላይ መሆኑን ስነግራቸው አላመኑኝም።

ዋጋውን ስጠይቅ ነጻ ነው አለኝ። ነጻ የሚባል ነገር ሲሰማ ሰው ይጠረጥራል፤ እኔም ጠረጠርኩ። ነገሩ ግን እንደ ደቦ ነው። የፕሮግራሙ አሠራር ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ያካፍላል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ይሠሩበታል፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም ራሳቸው ስለሚጠቀሙበት ሠራተኛ ቀጥረው ያሠሩበታል። ስለዚህ ገልብጦ መውሰድ ሌብነት አይደለም። ትዝ ያለኝ የራሴ ሥራ ነው። ጤና ሚኒስቴር የየጤና ተቋሙን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው እንዲህ ያለ ክፍት ፕሮግራም ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በወር መጨረሻ ሲማረሩበት እንጂ ነጻ መሆኑን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሊኑክስ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዱቄቱ አንድ ሆኖ ድፎውና አምባሻው እንደሚለያየው ነው። ኡቡንቱ የሚባለው በ2004 በፈረንጆቹ ወጣ፤ ያስጀመረው ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ከዚያ በፊት ወደ ጠፈር የሄደ ሰው። ስሙም ከዙሉና ከኮሳ ቋንቋ የመጣ፣ ሰውነትንና መተሳሰብን የሚገልጽ ቃል ነው። ልጁ ለእኔ የመረጠልኝ ግን በኡቡንቱ ላይ የተሠራውን ሊኑክስ ሚንት ነው፤ መልኩ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ስለማይከብድ። ከእሱም ውስጥ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር ቀለል ያለውን።

ከሁሉ በላይ ልቤን ያሳረፈኝ አሞካከሩ ነው። መጫን ሳያስፈልግ ከፍላሽ ላይ ማስነሣት ይቻላል። ልጁ ወደ ሦስት ጊጋ የሚጠጋውን ፋይል ትምህርት ቤቱ አውርዶ በስምንት ጊጋ ፍላሽ አዘጋጅቶ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፍላሹ ሲዘጋጅ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ባዶውን ስጡ። ፍላሹን ሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ ኤፍ 12ን ተጫነ፤ በሌሎች ኮምፒውተሮች ሌላ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ከፍላሹ እንዲነሣ ሲያዘው አረንጓዴ የሚንት ምልክት መጣና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አዲስ ገጽ ተከፈተ። ከታች በስተግራ እንደ ዊንዶውሱ ያለ የሜኑ ቁልፍ፣ በስተቀኝ ሰዓቱ። "አሁን ዲስክሽ አልተነካም፤ አጥፍተሽ ፍላሹን ብትነቅዪው የድሮው ዊንዶውስ እንደነበረ ይመለሳል" አለኝ።

በሽተኛ ሳይቀደድ መመርመር የምወደው ነገር ነው። አንድ በአንድ አስመረመርኩት። ድምፅ አለ? አለ። ካሜራው ከልጄ ጋር የማወራበት ነውና ይሠራል? ይሠራል። ዋይፋይስ? የለም። የዋይፋይ ስሞች ዝርዝር የሚወጣበት ቦታ ባዶ ነው። ልጁ አልደነገጠም፤ ላፕቶፑ ውስጥ ያለችው የዋይፋይ ክፍል ራሷን የቻለች ድራይቨር ትፈልጋለች አለኝ። እኔ በወረቀት ላይ "ዋይፋይ" ብዬ ጽፌ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ።

ከዚያ "የባለቤቴን ጽሑፍ ክፈትልኝ" አልኩት። ከፍላሽ ተነሥቶም በዲስኩ ውስጥ ያለውን ፋይል ማየት ይቻላል። ማህደሩን አገኘው፣ ፋይሉን ከፈተው፤ በማይክሮሶፍት ወርድ ፈንታ ሊብረኦፊስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ተከፈተ። ገጹ መጣ። ከታች ሰባ አንድ ገጽ ይላል። ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። የእንግሊዝኛ ሆሄያት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ነጥብና ሰረዝ የተጫነባቸው የማላውቃቸው ምልክቶች ተደባልቀው፣ ከላይ እስከ ታች።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ልጁ ግን "ሲስተር፣ ቁጭ በይ፣ አልጠፋም፣ ምንም አልጠፋም" ማለቱን አስታውሳለሁ።

ይህ እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ያለን ሰዎች ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሆሄያት መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ኮምፒውተሩን የሚሸውዱ ነበሩ ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ሆሄ ወይም ምልክት ይመዘግባል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ሆሄ ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል ያለብሰዋል። ፎንቱ እስካለ ድረስ "ሀ" ይታያል። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቅና ከሥር ያለው ባዕድ ሆሄ ይወጣል። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት በድሮው ሲጠቀም ቆይቷል፤ ባለቤቴ የተማረው ያንን ነው፣ በዚያው ጻፈ። ዊንዶውሱ ላይ ሲነበብ የኖረው ፎንቱ እዚያ ስለነበረ ነው። ሲዲው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

አስቡት እንግዲህ። ፋይሉን ብቻ በፍላሽ ገልብጠን፣ "ተርፏል" ብለን ዲስኩን አጥፍተን ቢሆን ኖሮ ፋይሉ በእጄ ይኖራል፤ የሚያነበው ፎንት ግን ከዊንዶውሱ ጋር ይሄድ ነበር። ተረኛ ነርስ ስንረካከብ መዝገቡን አንብበን ብቻ አንረከብም፤ አልጋው ዘንድ ሄደን በሽተኛውን አይተን ነው። ፋይልም እንዲሁ ነው፤ መገልበጡ ብቻ አይበቃም፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ፍላሹን ነቅለን ወደ ዊንዶውሱ ተመለስን። ጽሑፉ እንደነበረ አለ። ልጁ መጀመሪያ ፒዲኤፍ አድርጎ አስቀመጠው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ይነበባል። ቀጥሎ በዊንዶውሱ የፎንት ማህደር ውስጥ የነበሩትን አሮጌ የአማርኛ ፎንቶች ለቅሞ ገለበጠ። ከዚያ ፎቶ፣ ሰነድ፣ የልጄ ዲፕሎማ ኮፒ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ዴስክቶፑ ላይና ዳውንሎድ ውስጥ የተቀመጠውን ነው፤ የእኔ ግማሹ ሀብት ዴስክቶፕ ላይ ተበትኖ ነበር። በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና በአንድ ፍላሽ፣ ሁለት ቦታ ያዝነው። ፍላሹን እህቴ ቤት ወስጄ አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ፒዲኤፉን በእህቴ ልጅ ኮምፒውተር አስከፈትኩት፤ ተነበበ። ያን ጊዜ ነው "እንጫን" ያልኩት።

አቅም ያለው ሰው ከዚህም የተሻለ ማድረግ ይችላል። አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ እንዳለ አስቀምጦ፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ገዝቶ በእሱ ላይ መጫን ነው። ኮምፒውተሩም ይፈጥናል፣ አሮጌውም ሳይነካ ይቀመጣል። እኔ ይህን የሰማሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጫንነው። ሚንት ሲጫን ሁለት መንገድ ያቀርባል፤ ከዊንዶውሱ ጎን ለጎን መኖር፣ ወይም ዲስኩን አጥፍቶ ብቻውን መግባት። ልጁ ጎን ለጎን ይሁን ብሎኝ ነበር፤ ለለመደ ሰው ይህ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው፣ ሲበራ የትኛው ይነሣ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ያንን ክራክ ቤቴ ማቆየት አልፈለግኩም። ቁልፉን ራሴ ተጫንኩ። በመሃል መብራት ብልጭ ብሎ ሄደ። የባትሪውን አቅም አስቀድመን ሞክረን ስለነበር፣ ሳይጠፋ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል፤ ያዘልን። ባትሪው የሞተበት ሰው ግን መብራት በሚያስተማምን ሰዓትና ቦታ ያድርገው፤ በመሃል መቋረጥ ጥሩ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

የዋይፋዩ ነገር እንዲህ ተፈታ። ስልኬን በቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ከስልኩ ኢንተርኔት እንዲያካፍል አደረገው። ከዚያ ድራይቨር ማኔጀር የሚባለውን ከፈተ፤ እሱ ራሱ የጎደለውን ፈልጎ አቀረበ፣ ጫንነው፣ አስነሥተን ስንመለስ የዋይፋዩ ዝርዝር መጣ። ወረቀቴ ላይ የጥያቄ ምልክቱን ሰረዝኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አላማረሩኝም ብል እዋሻለሁ። ፕሮግራም ልጭን ስል ሁሌ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። በኋላ ሲገባኝ ወደድኩት፤ ናርኮቲክ መድኃኒት ያለበት ቁም ሣጥን ቁልፉ ከኃላፊዋ አንገት እንደማይወርደው ማለት ነው፣ ማንም ያገኘ ዝም ብሎ አይከፍትም። አንድ ቀን ግን ጥቁሩ መስኮት፣ ተርሚናል የሚሉት፣ ቃሉን ሲጠይቀኝ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩት ፊደል አይታይም። ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደበደብኩት። ለካ እንዳይታይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዝም ብሎ ጽፎ ኢንተር ማለት ነው። ተርሚናሉን ለዕለት ሥራ ከዚያ ወዲያ አልፈለግኩትም። ፕሮግራም የሚወርደው እንደ ስልኩ ፕሌይ ስቶር ከአንድ ቦታ፣ ሶፍትዌር ማኔጀር ከሚባለው ነው። ቴሌግራምን ከዚያ አወረድኩ፣ ፋየርፎክስ ከመጀመሪያውም ነበረ። ከልጄ ጋር በዙም አወራን፤ "ምን ቀየርሽ እማዬ፣ ፊትሽ ጠራ" አለችኝ። የካሜራውን መስታወት ጠርጌው ነበር፤ ሊኑክስ አይደለም።

ፍላሽን በተመለከተ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፎቶ ቤት ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ፍላሻችሁ ሲመለስ ማህደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ፣ ፋይሉ ጠፍቶባችሁ አያውቅም? እኔ እንዲህ የሆነብኝን ፍላሽ ሚንት ላይ ሰካሁት። የተደበቀው ሁሉ ታየ፤ ቫይረሱ ሰውሯቸው የነበሩት የቤተ ዘመድ ማኅበር ፎቶዎች እዚያው ነበሩ። ለዊንዶውስ የተጻፈ እንዲህ ያለ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ ተነሥቶ መሮጥ አይችልም። ሊኑክስ ፈጽሞ አይታመምም ማለት ግን አይደለም፤ ደግሞም ቫይረሱ እኔን ባያመኝ እንኳ በፍላሽ ተሸክሜው ወደ ሌላ ቤት ልወስደው እችላለሁ። የእኛ ሙያ ሰዎች ይህን ተሸካሚ እንለዋለን። ፋይሎቹን አውጥቼ ፍላሹን አጸዳሁት።

የማይሆነውን ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። ማይክሮሶፍት ኦፊስ ራሱ ሊኑክስ ላይ አይጫንም። ሊብረኦፊስ የወርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ላይ ግን አንዳንዴ መስመሩ ይዛነፋል። ልጃችሁ ሒሳብ ሠራተኛ ሆና ቤት ውስጥ በፒችትሪ የምትሠራ ከሆነ ኮምፒውተሯን አትንኩባት፤ እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ፎቶሾፕም እንዲሁ። የእኔ ፕሪንተር ያለ ችግር ታወቀ፤ የስካነሩ ክፍል ግን እስከ ዛሬ እምቢ እንዳለ ነው፤ ሰነድ በስልክ ፎቶ አነሣለሁ። የልጅ ልጄ ደግሞ የሚወደው አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ሚንት ላይ እንደማይሠራ ሲያውቅ ለአንድ ቅዳሜ አኮረፈኝ።

ላፕቶፑ አሁን ሲነሣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ቡናዬን ከመቁላቴ በፊት ይቀድመኛል። ይህ የሚንት ትውልድ፣ 22 የሚባለው፣ እስከ 2029 በፈረንጆቹ ማሻሻያ ይመጣለታል። እኔና እሱ ማን ማንን እንደሚቀድም እናያለን።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። አሮጌዎቹን ፎንቶች አዲሱ ላይ ስንጭናቸው የባለቤቴ ፋይል ሊብረኦፊስ ላይም ተከፈተ፤ ጥቂት ምልክቶች ቦታቸውን ከመሳታቸው በቀር ይነበባል። ነገር ግን ልጁ እንደነገረኝ ያ ጽሑፍ በዚያ ፎንት ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው። አንድ ቃል ልፈልግበት ብል ኮምፒውተሩ አያገኘውም፤ ለእሱ አማርኛ አይደለምና። ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ነገር ሞከረው፤ ሆሄያቱ ተሳከሩ። ባለቤቴ የፊደል ስሕተት የማይወድ ሰው ነበር፣ የተማሪ ደብተር ሲያርም ቀይ ብዕር ይጨርስ ነበር። "ተወው፣ እኔ እገለብጠዋለሁ" አልኩት።

አማርኛ መጻፊያውን ለማግኘት አይባስ የሚባለውን ነገር አስተካክለን፣ ሴራ የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ጨመርን። በድምፅ የሚጽፉት ነው። "ሰላም" ለማለት በእንግሊዝኛ ሆሄያት ሰላም ብሎ መጻፍ ነው፤ እየጻፉ ፊደሉ ይለወጣል። ትንሹ ቲ "ተ"ን ሲሰጥ ትልቁ ቲ "ጠ"ን ይሰጣል፤ ኤክስ "ሸ" ነው። ቆጣሪ ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ዝርዝሩን በእጄ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ከሳምንት በኋላ ማየት ተውኩ።

አሁን ማታ ማታ ከእራት በኋላ ፒዲኤፉን በአንድ በኩል፣ ባዶውን ገጽ በሌላ በኩል ከፍቼ እቀመጣለሁ። በቀን ሁለት ገጽ፣ ዓይኔ ደከም ካለ አንድ። በአራት ዓመት ያላለፍኩትን የመጀመሪያ ገጽ በአንድ ምሽት አለፍኩት፤ እጅ ሲሠራ ልብ ብዙ አይቆምም። የልጅነቱን፣ የቄስ ትምህርት ቤቱን፣ ከአባቱ ጋር የተጣላበትን ጨርሻለሁ። አሁን 1967 ዓ.ም. ላይ ነኝ። ለእድገት በሕብረት ዘመቻ ተመድቦ ገጠር ሄዷል፤ እግሩ ቆስሎ፣ መድኃኒት የሚሰጠው አጥቶ በፌጦ ታሟል። ይህን እኔ ነርሷ ሚስቱ አላውቅም ነበር። ቁስሉን በፌጦ ማጠቡን ከነገረኝ እንደማልለቀው ያውቃል።

የልጅ ልጄ ኩርፊያውን ትቶ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቤ ይቀመጣል። እኔ ከፒዲኤፉ አነብለታለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ ጣቶቹ ከእኔ ይፈጥናሉ፣ "ሀ"ንና "ሐ"ን ግን አይለይም። በሥራ ቀን ደግሞ በስልክ ይደውልልኛል።

"እማማ፣ አያቴ ዛሬ የት ደረሰ?"

"ገና ዘመቻ ላይ ነው" እለዋለሁ።